በአሰፋች ጓዳ የተቀላቀለው ሩም

ሉሲ ፈለቀ ከሐዋሳ ወደ ዲላ የተመለሰችው በአንድ ሰሞን ሁለት ነገር ስለተሰበረባት ነው። አንዱ ሥራዋ ነበር፤ ስድስት ዓመት ባርቴንደር ሆና የሠራችበት የሐይቅ ዳር ሆቴል ተሸጠና አዲሱ ባለቤት ባሩን ዘግቶ የስብሰባ አዳራሽ አደረገው። ሌላው የእናቷ እግር ነው። ወይዘሮ አሰፋች ዱመርሶ በምትባል መንደር ያለችውን የቡና ማሳቸውን ሊያዩ ሄደው ዝናብ ባራሰው ቁልቁለት ተንሸራተቱ። ሉሲ የስልክ ጥሪው ሲመጣ ሻንጣዋን እያሰረች ስለነበር መንገድ ለመጀመር ጊዜ አልፈጀባትም።

ወይዘሮ አሰፋች እግራቸው በጄሶ ታስሮ ሳሎን ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ይውላሉ። አርፎ መቀመጥ ያቃታት ልጅቷ ናት። የታጠበ ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች። መደርደሪያውን ከመስኮቱ ሥር ወደ በሩ ትገፋና በማግስቱ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ፍሪጁን ከፍታ ታየዋለች፣ ምንም ሳታወጣ ትዘጋዋለች። ስኳር ልግዛ ብላ ትወጣና እስከ መናኸሪያው ተራምዳ፣ የሚወጡትንና የሚገቡትን መኪናዎች አይታ፣ ስኳሩን ረስታ ትመለሳለች።

«እግሬን የተሰበርኩት እኔ፣ መቀመጥ ያቃተሽ አንቺ» ይሏታል እናቷ። «እያየሁሽ ደከመኝ እኮ።»

ሉሲ ትስቅና ትቀመጣለች። እናቷ ፊታቸውን ዞር ሲያደርጉ ተነስታለች።

ባር ጀርባ ብዙ የቆመ ሰው እጁ ሥራ ይለምዳል። ሎሚ መቁረጥ፣ በረዶ መስበር፣ የመጠጥ መቀላቀያውን ሸከር መነቅነቅ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ብሎ የገባውን ሰው ማየት። እናቷ ግን ይህን አያውቁም። «ሆቴል ውስጥ ጁስ ክፍል ነኝ» ብላቸው ነበር። ጭልጥ ያለ ውሸት አልነበረም፤ ጠዋት ጠዋት ጁስ ትፈጭ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ነው ያልነገረቻቸው። ወይዘሮ አሰፋች በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ጸሎት ቡድን መሪ ናቸው፤ ቤታቸው እንኳን አረቄ ቢራም ገብቶበት አያውቅም። ለጸሎት እህቶቻቸውም «ልጄ ሐዋሳ ጁስ ትሠራለች፣ ጌታ ይመስገን» ሲሉ አፋቸውን ሞልተው ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ከአርባ ምንጭ ስልክ ተደወለ። የደወለችው ናፍቆት የምትባል፣ አዲስ የሚከፈት ሎጅ ሥራ አስኪያጅ ናት። ሉሲ ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ስላንቺም ስለ እናትሽ እግርም ከሐዋሳ ሰዎች ሰምቻለሁ» አለቻት ናፍቆት። «ሲቪ አላይም። ፍራፍሬ የበዛበት፣ ሩም የሚገባበት፣ የራስሽ የሆነ አንድ ኮክቴል ሥሪና ቪዲዮ ላኪልኝ። ከኢንተርኔት የተቀዳ ከሆነ ደግሞ አውቀዋለሁ። እሁድን እንዳያልፍ።»

ሉሲ ስልኩን ዘግታ በእንሰቱና በቡናው መሀል ወዲያ ወዲህ አለች። ከሸንኮራ የሚወጣው ሩምና ፍራፍሬ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣላት አናናስና ኮኮናት ነው፤ እሱን ግን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ የኮኮናት ወተትም ዲላ ውስጥ ማን ይሸጣል? ቢገኝስ የት ትሠራዋለች? ያላት ጓዳው ብቻ ነው። ጓዳውና እናቷ የተኙበት ሳሎን የሚለያዩት ደግሞ በአንድ መጋረጃ ነው።

ሩሙን የገዛችው ከጋሽ ተክለጻድቅ ነው። ጋሽ ተክለጻድቅ በወጣትነታቸው ከሰላሌ መጥተው ዲላ የቀሩ፣ ከአስፋልቱ ዳር ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። እህሉም፣ ዘይቱም፣ መጠጡም እዚያው ነው።

«ሩም?» አሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው። «ሠርግ አለ እንዴ?»

«ለሥራ ነው፣ ጋሼ።»

ከላይኛው መደርደሪያ አወረዱና አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉት። «እናትሽ እቤት ናቸው?»

«ናቸው።»

«እንግዲያው ደህና አድርጌ ልጠቅልልልሽ» ብለው በድርብ ጋዜጣ ጠቀለሉላት።

የኮኮናት ወተት እንዳለ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ተክለጻድቅ ስለ ኮኮናት የሚያውቁት ብስኩት ላይ ተጽፎ ያዩትን ብቻ ነበር። ምን እንደሆነ ስታስረዳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ከላም ያልወጣ ነው የምትዪኝ? እኛ በጾም ወተት ሲያምረን ሱፍ እንጠጣ የለም ወይ! ባለቤቴ ታምሰዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ በውሃ በጥብጣ ታጠልለዋለች። ከወተት አትለዪውም።»

ሉሲ ዲላ ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለችበት ቆማ ቀረች። ሐዋሳ ብዙ ጾመኛ እንግዳ ስታስተናግድ ሱፍ ፍትፍት በልታለች፤ ጣዕሙ ምላሷ ላይ አለ። ለውዝ ለውዝ የሚል፣ ለስለስ ያለ፣ አናናስን የማይጫን።

«ሱፍ ይስፈሩልኝ» አለች።

አናናሱ የሀዲጃ ነው። ሀዲጃና ሉሲ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው የተማሩ ናቸው። የሀዲጃ አባት ከቡታጅራ መጥተው ዲላ ገበያ ፍራፍሬ መነገድ ጀመሩ፤ አሁን መደቡን የያዘችው እሷ ናት። ሀዲጃ አናናሱን ገልብጣ ሥሩን አሸተተችና አንዱን መልሳ ሌላውን ሰጠቻት። ሉሲ የምታደርገውን ስትነግራት ግን ዓይኗ ፈጠጠ።

«እትዬ አሰፋች ቤት ውስጥ?»

«ቪዲዮውን የሚቀርጽልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

«እኔ መጠጥ አልነካም።»

«ስልክ ብቻ ነው የምትነኪው» አለቻት ሉሲ።

ቅዳሜ ጠዋት ሀዲጃ መደቡን ለእህቷ ትታ መጣች። እሷ እንደገባች መብራት ጠፋ። ሉሲ ከጁስ ቤት በላስቲክ ያመጣችው በረዶ ባልዲ ውስጥ መሟሟት ጀምሯል፤ አናናሱን የሚፈጨው ብሌንደርም ያለ መብራት አይሠራም። ወይ በረዶውን ትታ መብራት መጠበቅ ነው፣ ወይ መብራቱን ትታ በእጅ መሥራት። መጠበቅ ደግሞ ለሉሲ የሚሆን ነገር አይደለም። ሙቀጫውን ሳበችው።

ሱፉን አምሳ መውቀጥ ጀመረች።

«ምንድነው የምትወቅጪው?» አሉ ወይዘሮ አሰፋች ከሳሎን።

«ሱፍ ነው፣ እማዬ።»

«ሱፍ? ጾም ያዝሽ እንዴ?»

ሀዲጃ ሳቋን በሻርፗ አፈነችው።

የመጀመሪያው አልሆነም። ሱፉን አብዝታ አምሳው ኖሮ ያረረ ያረረ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ሎሚውን ቀድማ ስለጨመረች ተቆራረጠ፤ እንደረጋ ወተት ቁርጥራጩ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሉሲ ደፋችው። በረዶው አነሰ። ግንባሯን በክንዷ ጠረገች፤ ጓዳዋን ከምድጃው እስከ በሩ ተመላለሰችበት፤ ከዚያ ሦስተኛውን ጀመረች። አናናሱን ከዝንጅብል ጋር ወቅጣ በንጹሕ ጨርቅ ጨመቀችው። ማር አከለችበት። የሱፉን ወተት ቀስ ብላ እያማሰለች ጨመረች። ከሻንጣዋ ሥር በሹራብ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ሸከሯን አወጣችና በረዶ ሞላችው።

«እስቲ ይሄን በፊት ቅመሺው፣ ሩም የለበትም» ብላ ለሀዲጃ ቀዳችላት።

ሀዲጃ ቀመሰች፤ ደገመች፤ ብርጭቆውን ጨረሰችው።

«ይሄማ አልቋል» አለች። «ምን ጎድሎት ነው የምታበላሺው?»

«ጣፋጭ ብቻ ነው፤ ምላስ ላይ ይተኛል። ሩሙ ሲገባበት ከሥር የሚይዘው ነገር ያገኛል። የተቃጠለ ስኳር ዓይነት ሽታ አለው። ከዚያ ሎሚው በመጨረሻ ጠብ ጠብ ይላል።»

«አይ እንግዲህ፣ በቃልሽ ልመንሽ» አለች ሀዲጃ።

ሉሲ ለእናቷም ሩም የሌለውን ወሰደችላቸው። ወይዘሮ አሰፋች ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡና «ጌታ እጅሽን ይባርክ! ሐዋሳ የምትሠሪው እንዲህ ያለ ነው?» አሏት። ሉሲ ባዶውን ብርጭቆ ተቀብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ከዚያ ሀዲጃ የሉሲን ስልክ ደገነች። ሉሲ ሩሙን ለካች፣ ሸከሩን ዘጋች፣ ነቀነቀች። ሀዲጃ እንደምትለው ያን ጊዜ የሉሲ ፊት ሌላ ሆነ፤ ስትቅበዘበዝ የከረመችው ልጅ ጠፋች፤ እጇም ዓይኗም አንድ ቦታ ገቡ። በነጭ ላይ ብጫ የጣለ፣ አረፋው ያበጠ መጠጥ ወረደ።

የቀረው የሚቀምስ ሰው ነው። ሉሲ ራሷ ሥራዋ ስለሆነ ትቀምሳለች እንጂ አትጠጣም፤ ቀምሳ ትተፋለች። የሌላ ሰው ምላስ ፈለገች። ሀዲጃ ሮጣ ጋሽ ተክለጻድቅን በጓሮ በር አስገባቻቸው። ጋሼ በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ ጠጡ፤ ጢማቸውን ጠረጉ።

«ይሄ ሱፍ ነው?» አሉ ተገርመው። «የኛው ሱፍ? ሎሚዋን ትንሽ ብትቀንሺላት...»

መጋረጃው ተገለጠ።

ወይዘሮ አሰፋች በሁለት ክራንች ተደግፈው ቆመዋል። ያን ያህል መንገድ ያለ ሰው እርዳታ ሲራመዱ የመጀመሪያቸው ነው፤ ጁሱ ጥሟቸው ሁለተኛ ሊጠይቁ ነበር የመጡት። ጋሽ ተክለጻድቅን አዩ። ጋዜጣው ላይ የተቀመጠውን ጠርሙስ አዩ። አንዱን ክራንች ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ አነሱ። አልቀመሱትም። አሸተቱትና መልሰው አስቀመጡት።

«ይኼ ጁስ ነው?»

«አይደለም፣ እማዬ» አለች ሉሲ።

«የሐዋሳውስ?»

«ጠዋት ጁስ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ይኼ ነበር።»

ጋሽ ተክለጻድቅ ብድግ ብለው «ሱቁን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት» አሉና ወጡ። ሀዲጃም ተከተለቻቸው።

ወይዘሮ አሰፋች ሲቆጡ አማርኛው ይጠፋቸዋል፤ በጌዴኦኛ ብዙ ተናገሩ። ሉሲ አንገቷን ደፍታ ሰማች። መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ወረደ።

«አባትሽን እንዴት ነው የምታስታውሺው?»

«ዝምተኛ ነበር። መዝሙር ይወድ ነበር። ትምህርት ቤት እየሸኘኝ እጄን አይለቅም ነበር።»

«አንቺ የምታውቂው ጌታን ከተቀበለ በኋላ ያለውን ፈለቀን ነው። እኔ የፊተኛውንም አውቀዋለሁ። ጀርባዬ ላይ አዝዬሽ፣ በዝናብ፣ የሰው በር ያንኳኳሁባቸውን ጊዜያት አንቺ አታውቂም። ከሱ በፊት በበሩ ይገባ የነበረው ይኼ ሽታ ነው።»

ሉሲ ይህን ሰምታ አታውቅም። አባቷ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በቤቱም በቤተ ክርስቲያኑም ስሙ በደግ ብቻ ነው የሚነሳው።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አልጠጣም» አለች። «ቀምሼ እተፋዋለሁ።»

«አንቺስ ትተፊዋለሽ» አሉ ወይዘሮ አሰፋች። «የሚውጠውስ? የሚውጠው ሰው ቤትስ?»

ሐዋሳ ሳለች ሁልጊዜ የባሩ ጥግ ላይ ይቀመጥ የነበረ አንድ ሰው ትዝ አላት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይበራ ነበር፤ «ቤት» የሚል ይጻፍበታል። ሰውዬው ስልኩን ገልብጦ ብርጭቆውን ወደሷ ይገፋል። እሷም ትቀዳለች። ጨዋ ደንበኛ ነው፣ አይጮህም፣ አይረብሽም እያለች ትቀዳለች።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ አሰፋች ከ«ውሃ» እና ከ«ክራንቹን አቀብዪኝ» ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሉሲ የተረፈውን መጠጥ ጓሮ ደፋችው፤ ጠርሙሱን ለጋሽ ተክለጻድቅ መለሰች። ቪዲዮው ግን ስልኳ ላይ አለ። እሁድ እናቷ ቤት ሆነው በሬዲዮ አምልኮ ሲሰሙ እሷ ወጣች። እስከ ለገዳራ ወንዝ ድልድይ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ሽቅብ ወደ ዩኒቨርሲቲው መንገድ ያዘች፣ ግማሽ ላይ ሐሳቧን ለውጣ ወደ ገበያው ወረደች። ስልኩን ታወጣለች፣ ትከፍታለች፣ ኪሷ ትከተዋለች። ባጃጅ ጡሩንባ ሲነፋባት ከመሀል መንገድ ዘላ ወጣች።

ሀዲጃ መደቧ ላይ ሆና ሦስት ጊዜ ስታልፍ አየቻት፤ በሦስተኛው ጠራቻት።

«ወይ ላኪው ወይ አጥፊው» አለቻት። «ስልኩን ግን ከእጅሽ አውርጂው፤ አሳዘንሽኝ።»

«አንቺ ብትሆኚስ?»

«እኔ አንቺን አይደለሁም። እኔ መጀመሪያውንም ሩሙን አልከትበትም ነበር» ብላ ሀዲጃ ሙዝ ልትመዝን ዞረች። ከዚያ ደግሞ ዞር ብላ፣ «ግን ስትሠሪው ያየኋትን ሉሲ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም» አለች።

ሉሲ እዚያው የአናናሱ ክምር አጠገብ ቆማ፣ ምን ምን እንደገባበት ጽፋ ላከችው።

ናፍቆት ስትደውል ማክሰኞ ረፋድ ነበር። ሉሲ የእናቷን ደህናውን እግር እያጠበች ስለነበር እጇ እርጥብ ነው፤ ድምፁን ከፍታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በዚያ ቤት የሚደበቅ ነገር አልቀረም።

«ሱፉ ገደለኝ» አለች ናፍቆት። «በጾምም ማቅረብ እንችላለን ማለት ነው። መቼ ትመጪያለሽ?»

ልጅቷን የሚያውቅ ሰው «ዛሬ» ትላለች ብሎ ይጠብቅ ነበር።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። «ለበዛበት ሰው አልቀዳም ብል ትደግፊኛለሽ? ደንበኛም ቢሆን፣ ባይረብሽም፣ እኔ በቃው ብዬ ካሰብኩ?»



«ሆቴል እኮ ነው የምንከፍተው» አለች ናፍቆት።

«አውቃለሁ።»

«ከእንግዳ ጋር ትጣያለሽ።»

«በትሕትና ነው የምነግረው። ሩም የሌለውንም ከሜኑው አናት ላይ አድርጊልኝ፤ ሰው እሱን ቀምሶ ይወስን።»

ናፍቆት ተነፈሰች። «እሺ። በሙከራ እንየው። አስለቅሰሽ እንዳታባርሪብኝ ብቻ» አለችና ሳቀች። «እናትሽ ሲያገግሙ ነይ፤ ግን አትቆዪ።»

ስልኩ ተዘጋ።

«አትጠገብ ከኢዲዶ እንድትመጣ ንገሪልኝ» አሉ ወይዘሮ አሰፋች ጣሪያውን እያዩ። አትጠገብ የእህታቸው ልጅ ናት። «ቡናው ተለቅሞ አልቋል፣ ሥራ የላትም። እኔን ትጠብቀኛለች።»

«እማዬ...»

«ለሥራው አልጸልይም። እንዳትጠይቂኝ። ላንቺ ግን እጸልያለሁ። ሁለቱን ለይቼ ለመጸለይ እየሞከርኩ ነው፤ ጌታ ይርዳኝ።»

ሉሲ የእናቷን ጉልበት ይዛ አለቀሰች። እናቷም «በይ ተነሺ፣ ጄሶው ላይ ነው ያለሽው» አሏት።

አርባ ምንጭ ከገባች አሁን ሁለት የዝናብ ወቅት አልፏል። የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር። የሎጁ ሼፍ የኮኮናት ጣሳ እያሳየ ሱፍ በመውቀጧ ይስቅባት ነበር፤ የጾም እንግዶች ሱፉን ማዘዝ ሲጀምሩ ሙቀጫውን ራሱ ያቀብላት ጀመር። ናፍቆት መጠጡን በሉሲ እናት ስም ልሰይመው ስትል ሉሲ «በፍጹም!» ብላ ጮኸች፤ «ለገዳራ» ተባለ። አንድ ኮንትራክተር ደግሞ ብርጭቆውን ሲገፋላት «ዛሬ ይብቃዎት፣ ጋሼ፣ ሩም የሌለውን ልስጥዎት» አለችው። ሰውዬው ሥራ አስኪያጅ ጥሩልኝ አለ። ናፍቆት መጣች፣ ሁለቱንም አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ከዚያ «እሷ ያለችው ነው» አለችው። ሰውዬው ተቆጥቶ ሄደ፤ ዳግመኛ አልመጣም። ሉሲ ያን ዕለት ያደረገችው ትክክል ይሁን ስሕተት ይሁን እስካሁን አታውቅም።

ወይዘሮ አሰፋች ክራንቹን ጥለው በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የጀመሩ ሰሞን ደወሉላት። የጸሎት እህቶች ልጅሽ የት ገባች ብለው ጠይቀዋቸዋል።

«ምን አልሻቸው?»

«አርባ ምንጭ ነው ያለችው፣ መጠጥ ትቀላቅላለች አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ! አንዷ አለቀሰች፤ የሷም ልጅ አዳማ እንዲሁ ነው አሉ፣ ደብቃን ኖራ። ከዚያ ጸለይን። በይ አሁን ምሳ በልተሻል?»

አልበላችም ነበር። በልቻለሁ አለች፤ ወዲያው ደግሞ «አይ፣ አልበላሁም፣ እማዬ» ብላ አስተካከለች።

ሉሲ አሁንም እዚያው ሎጅ ናት። ሀዲጃ እንደምትለው ግን በየሳምንቱ እየደወለች ስለ ጅማ ሆቴሎች፣ ስለ ባሕር ዳር፣ ዲላ ውስጥ ራሷ ጁስ ቤት ስለመክፈትም ታወራለች፤ በአንድ ስልክ ሦስቱንም። ሀዲጃ ስልኩን ትከሻዋ ላይ ደግፋ አቮካዶ እየለየች ትሰማታለች፤ ሉሲ ከወዲያ በሎጁ የጠጠር መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል የእግሯ ድምፅ ይሰማል።